ጋሻና ጎራዴ ለጀማሪ፦ የጎንደር ዘመንን ውጊያ በትርዒትና በግጥሚያ ለመለማመድ

ጎራዴ የሚገዛው መጨረሻ ላይ ነው። ከሁሉ አስቀድሜ ይህን የምለው ብዙው ሰው ተቃራኒውን ስለሚያደርግ ነው። የሚያብረቀርቅ ብረት ይገዛል፣ ጓደኛውን ይጠራል፣ ሜዳ ይወርዳሉ። ከዚያ አንዱ የተሰበረ ጣት ወይም የተፈነከተ ቅንድብ ይዞ ጤና ጣቢያ ይገባል። የትርፍ ጊዜ ጨዋታውም እዚያው ያበቃል።

ጨዋታው በውጭ አገር የቆየ ነው። አሜሪካ ውስጥ በካሊፎርኒያ በ1966 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረው ሶሳይቲ ፎር ክሪኤቲቭ አናክሮኒዝም የተባለው ማኅበር፣ አባላቱ እውነተኛ የብረት ጥሩር ለብሰው በራታን (ቀርከሃ የሚመስል፣ ውስጡ ግን ድፍን የሆነ ተክል) በትር ይደባደባሉ። በአውሮፓ ደግሞ ስለቱ በደነዘ እውነተኛ ብረት በቡድን የሚጋጠሙ አሉ። ሦስተኛዎቹ የጥንት የሰይፍ መማሪያ መጻሕፍትን እያነበቡ ስልቱን የሚያጠኑ ናቸው። በእንግሊዝ የሚገኘው፣ በ1300 (እ.ኤ.አ.) ገደማ የተጻፈው የሰይፍና የትንሽ ጋሻ መማሪያ ብራና ዛሬም ይሠራበታል።

እኛ ጋ ከዚህ የሚቀርበው ፈረስ ጉግስ ነው። አንዱ ያሳድዳል፣ ዘንግ ይወረውራል፣ ሌላው በጋሻ ይመክታል። የውጊያ ልምምድ ወደ ጨዋታ ሲለወጥ ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ሰው ሩቅ መሄድ የለበትም። እዚህ የምጽፈው ግን ለእግረኛው ነው። ፈረስ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፣ ወጪውም ሌላ ነው።

መጀመሪያ፦ ማንን እንደምትሆኑ ወስኑ

"የጥንት ጦረኛ" የሚባል አንድ ሰው የለም። ዘመንና ማዕረግ ምረጡ። ለጎንደር ልጅ ሦስት ምክንያታዊ ምርጫዎች ይታዩኛል።

የመጀመሪያው ፋሲል በ1636 (እ.ኤ.አ.) ከተማዋን ካቆረቆረ በኋላ ባሉት መቶ ዓመታት የነበረው እግረኛ ነው። ጦር፣ ክብ የቆዳ ጋሻ፣ በቀኝ ወገብ የታጠቀ ሾተል (እንደ ማጭድ የጎበጠ ሰይፍ) ወይም ጎራዴ፣ ሸማ፣ ትከሻ ላይ ለምድ። ወጪው ትንሽ ነው፣ ያምራል፣ ዕቃውም እዚሁ ይገኛል። እኔ የምመክረው ይህን ነው።

ሁለተኛው ጥሩር የለበሰ ፈረሰኛ ነው። በ1770 (እ.ኤ.አ.) ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ከሰንሰለት የተሠራ ጥሩር የለበሱ ፈረሰኞችን አይቶ ጽፏል። ስለዚህ "ሐበሻ ጥሩር ለብሶ አያውቅም" የሚላችሁን አትስሙ። የለበሰው ግን ጥቂቱ ነው፣ ባለጸጋው።

ሦስተኛው የአውሮፓ ብረት ለባሽ ካልሆንኩ ለሚል ሰው ነው። እሱም ሕጋዊ መግቢያ አለው። በ1541 (እ.ኤ.አ.) በክሪስቶቫው ዳ ጋማ መሪነት 400 ያህል ፖርቱጋሎች አገራችን ገብተዋል። የተረፉትም በ1543 (እ.ኤ.አ.) ከአፄ ገላውዴዎስ ጋር ሆነው ወይና ደጋ ላይ ከአሕመድ ግራኝ ጦር ጋር ተዋግተዋል። ስለዚህ የዚያ ዘመን ፖርቱጋል ሆኖ መቅረብ ይቻላል። ከራስ እስከ እግር በብረት የተሸፈነ የ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊ ሆኖ ፋሲል ግቢ አጠገብ መቆም ግን ግራ ያጋባል። ሙሉ የብረት ልብሱም ከ15 እስከ 25 ኪሎ ይመዝናል፣ የሚሠራላችሁም በቀላሉ አታገኙም።

አለባበሱን ለማጥናት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግቡና በፈረስ የተቀመጡትን ቅዱሳን ረጋ ብላችሁ እዩ። ጦሩ እንዴት እንደተያዘ፣ ቀሚሱ የት ድረስ እንደሚወርድ፣ ኮርቻው እንዴት እንደሆነ። ሠዓሊው ቅዱስን እንጂ ተራ ወታደርን አልሣለም፤ ስለዚህ ወርቁንና ጌጡን ቀንሳችሁ ውሰዱ።

ትርዒቱንና ግጥሚያውን ለዩ

የዚህ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። የጎንደር ዘመን እግረኛ ሰውነቱን የሚጠብቅበት ነገር ጋሻው ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ራሱ ባዶ፣ እጁ ባዶ፣ እግሩም ባዶ ነው። ያንን አለባበስ እንዳለ ለብሳችሁ በእውነት ብትመታቱ ውጤቱ የታወቀ ነው። አውሮፓዎቹ በብረት የሚደባደቡት ታሪካዊ ልብሳቸው ራሱ ብረት ስለሆነ ነው። የእኛው ሸማ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ይኖራችኋል። አንደኛው ትርዒት ነው፤ አለባበሱ ትክክለኛ፣ መሣሪያው ደንዝ ብረት፣ እንቅስቃሴው አስቀድሞ የተጠና። ማንም ማንንም አይመታም። ሁለተኛው ግጥሚያ ነው፤ መሣሪያው ለስላሳ ወይም ቀርከሃ፣ አካላችሁ በዘመናዊ መከላከያ የተሸፈነ፣ ምቱ እውነተኛ። ሁለቱን የሚቀላቅል ቡድን ካያችሁ አመስግናችሁ ውጡ።

ራስና እጅ

ብር ስታወጡ መጀመሪያ ለራስ ቁር አውጡ።

በስፖንጅ በተሸፈነ መሣሪያ ብቻ የምትጋጠሙ ከሆነ የስክሪማ (በቀጭን ሰይፍ የሚጋጠሙበት) ስፖርት ጭምብል ይበቃል። ከውጭ የሚመጣ ሰው ካላችሁ አስመጡ። ሲመጣ ግን የኋላ ጭንቅላትን እንደማይሸፍን እወቁ፤ ወፍራም ቆዳ በስፖንጅ ገጥማችሁ ከኋላ አስሩበት። ያ ካልተገኘ የሞተር ሄልሜት ፊቱ ላይ የሽቦ መከለያ ተደርጎለት ለለስላሳ መሣሪያ ያገለግላል። የውስጡ ነጭ ፎም አንዴ በኃይል ከተጨፈለቀ ግን ሥራው አብቅቷል፣ ሌላ ይፈለግ።

በቀርከሃ ለመጋጠም የብረት ራስ ቁር ግዴታ ነው። ብየዳ ቤት ሄዳችሁ ከ1.6 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ላሜራ አሠሩ። አናቱ ክብ ይሁን፤ ጠፍጣፋ አናት ምቱን ሙሉ በሙሉ ይቀበላል፣ ክቡ ያንሸራትተዋል። የፊቱ ፍርግርግ ክፍተት ከ25 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። ብየዳው ከውስጥም ከውጭም ይሁን፣ ሹል ቦታ ሁሉ ይሞረድ። ውስጡን ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ጠንከር ባለ ፎም ሙሉት። የፍራሽ ስፖንጅ አይሆንም፣ በአንድ ምት ይተኛል። የአገጭ ማሰሪያ ያስፈልጋል፤ በእጃችሁ ስትነቀንቁት ጭንቅላታችሁ ካልተነቃነቀ ልኩ አይደለም።

ቁሩ የጎንደር ዘመን አይመስልም ብላችሁ አትጨነቁ። ዙሪያውን ነጭ ሻሽ ጠምጥሙበት፣ ከሩቅ ያምራል።

እጅ ከራስ ቀጥሎ የሚጎዳ ነው። የመጋጫው ነጥብ ከጣት አጠገብ ነውና ምት ሁሉ እዚያ ይወድቃል። ሰልባጅ ተራ ብትፈልጉ አንጓው ላይ ጠንካራ ፕላስቲክ ያለው የሞተር ጓንት አይጠፋም። ጣቶቹ ላይ ቆዳ ደርባችሁ ስፉ። ከዚያ በላይ ደግሞ እጀታው ላይ ጣትን የሚከልል ጉልላት ሥሩ።

ለጉልላቱም ሆነ ለክርን፣ ለጉልበት፣ ለክንድና ለኩላሊት መከላከያ አሪፉ ዕቃ የወፍራም ፕላስቲክ በርሜል ነው። አሜሪካኖቹም ይጠቀሙበታል። ጀሪካን ይሳሳል፣ በርሜሉ ይሻላል። በመጋዝ ቆርጣችሁ ከፍም በላይ ከፍ አድርጋችሁ፣ እያገላበጣችሁ አሙቁት። ሲለሰልስ በወፍራም ጓንት ያዙና እግራችሁ ወይም ክንዳችሁ ላይ፣ ከጋቢ በላይ፣ ቅርጽ አስይዙት። ሥራው ደጅ ይሁን፤ ፕላስቲክ ከጨሰ አሙቃችሁ አሳልፋችኋል ማለት ነው፣ ጭሱም ጤና አይደለም። ጠርዙን አለስልሱ፣ ቀዳዱ፣ በቀበቶ አስሩ። ከቀሚስና ከሱሪ ስር ስለሚገባ ማንም አያየውም።

ጉሮሮን አትርሱ። ሁለት ድርብ ወፍራም ቆዳ፣ በመሃል ያው ፕላስቲክ፣ ከኋላ የሚታሰር። የጥርስ መከላከያና የብልት መከላከያ የቦክስ ዕቃ ከሚሸጡ ቤቶች ይገዛሉ። አካልን ለመሸፈን ደግሞ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዳችሁ በሁለት አቡጀዲ መካከል ጥጥ ታጭቆ፣ በየአራት ጣቱ የተሰፋ እጅጌ ያለው ካባ አሰፉ። ምቱን ይውጠዋል። ቀን ላይ ግን ያፍናል።

ጋሻ

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። ከዕቃው ሁሉ ራሳችሁ ብትሠሩት የምትደሰቱበት ይህ ነው።

የድሮው ጋሻ ከጎሽ ወይም ከጉማሬ ቆዳ ነበር። ዛሬ እንስሶቹ የዱር ሀብት ናቸው፣ አይነኩም። የበሬ ጥሬ ቆዳ ይበቃናል። ከቄራ ወይም ከቆዳ ነጋዴ ጨው ያልበዛበትን፣ ከጀርባና ከጭን በኩል ወፍራሙን ምረጡ። ያልተለፋ መሆን አለበት፤ የለፋ ቆዳ ይለሰልሳል፣ ጋሻ አይሆንም።

ቆዳውን አጥባችሁ ሥጋና ሞራውን በቢላ ፋቁ። ጸጉሩን ለማንሳት በአመድና በውሃ ዘፍዝፋችሁ ጸጉሩ በጣት ሲሳብ እስኪለቅ ድረስ በየቀኑ እያገላበጣችሁ ቆዩ። ይሸታል፤ ጎረቤት ይቅርታ ቀድማችሁ ጠይቁ። ጸጉሩ ከወጣ በኋላ በንጹህ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡት።

አሁን ቅርጽ ይፈልጋል። ግቢ ውስጥ አፈር ቆልሉና አርጥባችሁ ጠቅጥቁት። ስፋቱ ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር፣ መሃሉ ወደ ላይ ያበጠ ይሁን። መሃል ላይ ትንሽ ጉብታ ብትጨምሩ የእጅ ቦታ ይሰጣችኋል። በላዩ ላስቲክ አንጥፉ፣ አለበለዚያ አፈሩ ቆዳው ላይ ይቀራል። እርጥቡን ቆዳ ዘርጉበትና ዙሪያውን በካስማ ወጥራችሁ ትከሉ። ካስማውን በተቃራኒ ጎን እያፈራረቃችሁ ምቱት፤ አንድ ወገን ብቻ ከወጠራችሁ ይጣመማል። ጥላ ስር ይድረቅ። ፀሐይ ላይ ከደረቀ ይሰነጠቃል። ማታ ማታ ወደ ቤት ማስገባት ስለማይቻል ክረምትን አትምረጡ፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ለዚህ ሥራ የተፈጠሩ ናቸው።

ደርቆ ሲንኳኳ እንጨት የሚመስል ድምፅ ሲሰጥ ይነሳል። ጠርዙን በመጋዝ ክብ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ከመሃል ሁለት ሁለት ቀዳዳ በስታችሁ መያዣውን በጠፍር እሰሩ። የእኛ ጋሻ የሚያዘው በጭብጥ መሃሉ ላይ ስለሆነ ክንድ ማስገቢያ ቀለበት አታብዙበት። መያዣው ስር፣ አንጓችሁ ከቆዳው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ስፖንጅ ለጥፉ። ለግጥሚያ ከሆነ ጠርዙን በመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ሸፍኑ፤ የደረቀ የቆዳ ጠርዝ ፊት ይሰነጥቃል።

ይህ ሁሉ ይቅርብኝ ለሚል ስስ ኮምፔርሳቶ በክብ ቆርጦ፣ ጨርቅ በኮላ ለብጦ፣ ቀለም መቀባት ይቻላል። ይሠራል። ውበቱ ግን ያው ነው፣ ኮምፔርሳቶ።

የመለማመጃ መሣሪያ

ለጀማሪ ለስላሳ ጎራዴ እንዲህ ይሠራል። ቀጭን የውሃ ቧንቧ ፕላስቲክ 85 ሳንቲ ሜትር ቁረጡ። የሚመታበትን ጫፍ በቡሽ ድፈኑ፤ በላዩ የሳንቲም ስፋት ያለው ወፍራም ላስቲክ አስሩበት። ይህ ካልተደረገ ቧንቧው ስፖንጁን በስቶ ይወጣል። ከእጀታው በቀር ሁሉንም በስፖርት ምንጣፍ ፎም ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ጠቅልሉ፤ ጫፉ ላይ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ፎም ይኑር። ፕላስተሩን በቁመቱ ለጥፉ። ጠምዝዛችሁ ካጠበቃችሁት ፎሙ ይጨመቅና ዱላ ይሆናል። ሲያልቅ ራሳችሁን ጭን ላይ መቱበት። ካቃጠላችሁ ፎም ጨምሩ።

ጦር ለመሥራት 1.80 ሜትር ያህል ቀላል ዘንግ ወስዳችሁ ጫፉ ላይ የቴኒስ ኳስና ፎም እሰሩ። በግጥሚያ ውስጥ ጦር አይወረወርም። ፊትም አይወጋበትም።

ቀርከሃ ለሁለተኛው ደረጃ ነው። አሜሪካኖቹ የሚጠቀሙበት ራታን ሲመታ እየላላ ይሰባበራል እንጂ አይሰነጠርም። ቀርከሃ ግን ይሰነጠራል፣ ስንጣሪውም በፍርግርግ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ከሦስት ሳንቲ ሜትር ያላነሰ ውፍረት ያለውን መርጣችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጨርቅ ፕላስተር ጠቅልሉት። ከእያንዳንዱ ግጥሚያ በፊት እያጎበጣችሁ አዳምጡት፤ ከተንቃቃ ለማገዶ ይሁን።

ወይራ አይሞከርም። ደረቅ የወይራ በትር ከብረት የሚለየው በዋጋው ብቻ ነው።

ለትርዒቱ ብረት

አሁን ጎራዴው። ብረት ቀጥቃጭ ዘንድ ሂዱ። ከከተማዋ ወጣ ብላ ያለችው ወለቃ በቤተ እስራኤል ሸክላና ብረት ሥራ የታወቀች ነበረች። ለዘመናት ባለ እጅ ሲባልና ሲናቅ የኖረው ሰው ነው የነገሥታቱን ጦርና ጎራዴ ያቀረበው። ስለዚህ ሥራ ስታሠሩ "ጋሼ" ብላችሁ፣ ቀብዳችሁን ከፍላችሁ፣ ዋጋ ላይ ብዙ ሳትከራከሩ ይሁን።

አሮጌ የመኪና ባሌስትራ ጥሩ ብረት ነው፤ ጎብጦ ይመለሳል እንጂ ቶሎ አይሰበርም። ግን አይሳል። የስለቱ ጠርዝ ከሁለት ሚሊ ሜትር ያላነሰ ውፍረት ኖሮት ክብ ሆኖ ይሞረድ፣ ጫፉም ድብልብል ይሁን። ክብደቱ ከአንድ እስከ አንድ ኪሎ ተኩል ቢሆን የጥንቱን ያክላል። ከዚያ በላይ ከሆነ ክንዳችሁ ይዝላል፣ የዛለ ክንድ ደግሞ ቦታውን ይስታል። ብረቱ የእጀታው መጨረሻ ድረስ ዘልቆ በሪቬት መታሰሩን በዓይናችሁ እዩ። ሲወዛወዝ ስለቱ ከእጀታ ወጥቶ ተመልካች ላይ የሚበር ጎራዴ ከማንኛውም ስለታም ጎራዴ ይብሳል።

ሾተል ለትርዒት ብቻ ነው። ጉብጠቱ የተሠራው ከጋሻ ኋላ ዞሮ ለመድረስ ነውና አንዴ ከተወነጨፈ የት እንደሚያርፍ መቆጣጠር ከባድ ነው። ታጥቃችሁት ቁሙ፣ ምዘዙት፣ ፎክሩበት።

ጥሩር መሥራት የሚወድ ትዕግሥተኛ ካለ ደግሞ የጋልቫናይዝድ ሽቦና ሁለት ፒንሳ ይግዛ። ሽቦውን በብረት ዘንግ ላይ ጠምጥሞ ቀለበት ቀለበት ይቁረጥ፣ እያንዳንዱን ቀለበት በሌላ አራት ውስጥ ያስገባ። ለአንድ ቀሚስ ከ15,000 እስከ 20,000 ቀለበት ይሄዳል። ጫፉ በሪቬት ካልተያዘ በምት ይከፈታል፣ ስለዚህ ለግጥሚያ አትመኑት።

ቦታና ፈቃድ

ቀበሌና ፖሊስ ሳያውቁ ምንም አትጀምሩ። የአካባቢያችን ጸጥታ በየጊዜው የሚለዋወጥ ነው። ጋሻና ጎራዴ ይዞ መንገድ ላይ የሚሄድ ጎረምሳ "ጨዋታ ነው" ብሎ እስኪያስረዳ ነገሩ ሊበላሽ ይችላል። ማመልከቻ ጻፉ፣ የምትጠቀሙበትን ዕቃ ወስዳችሁ አሳዩ፣ የፈቃዱን ወረቀት ኮፒ ሁልጊዜ ያዙ። ዕቃውን በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልላችሁ አጓጉዙ። ነገሩ ውጥረት ካለበት ሰሞን ዕቃው ቤት ይዋል።

ፋሲል ግቢ ለፎቶ ያምራል፣ ግን ከ1979 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ ቅርስ ነው። ያለ አስተዳደሩ ፈቃድ አይሆንም፤ ቢፈቀድም ከግንብ ራቁ። ለልምምድ የትምህርት ቤት ሜዳ ይሻላል፤ ድንጋዩን ግን አስቀድማችሁ ልቀሙ።

ልምምዱና ሕጉ

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት መምታት አትማሩ። እግር ተማሩ። ግራ እግር ከጋሻው ስር፣ ጉልበት በርከክ፣ ወደፊትና ወደ ኋላ ሳያነባበሩ መራመድ። ከዚያ ጋሻ፦ አንዱ በዝግታ ይመታል፣ ሌላው ይመክታል፣ ይቀያየራሉ። ጋሻውን ወደ ፊት ዘርግቶ መያዝ ከደረት ጋር አጣብቆ ከመያዝ ይበልጣል፣ የሚሸፍነው ማዕዘን ይሰፋል። ጋሻው ዓይናችሁን እንዲጋርድ ግን አትፍቀዱለት። ፍጥነት የሚጨመረው ዝግታው ሲያምር ነው።

ሕጎቹ ጥቂት ናቸው፣ ግን አይሸራረፉም። አንገት፣ ማጅራት፣ አከርካሪ፣ ጉልበትና ብልት አይመታም። መሬት የወደቀ አይመታም። "ቁም!" የሚለውን ቃል ማንም ሰው፣ ተመልካችም ቢሆን፣ ሊናገር ይችላል፤ ሲባል ሁሉም ወዲያው መሣሪያውን ዝቅ ያደርጋል። የተመታ ሰው ራሱ "ተመታሁ" ይላል። መቺው አይናገርለትም፣ አይከራከረውም። የተናደደ ሰው ለዚያ ቀን ይቀመጣል። ፉከራና ቀረርቶ ይፈቀዳል፣ እንዲያውም ይመከራል፤ ጎንደር ላይ ዘራፍ ሳይባል ጋሻ ማንሳት ምን ያደርጋል።

በብረት የሚቀርበው ትርዒት እንደ ጭፈራ ይጠናል። ማን መቼ እንደሚመታ፣ በየት በኩል፣ ስንተኛው ላይ እንደሚወድቅ ሁሉ ይታወቃል። ብረቱ ብረትን ወይም ጋሻን ይነካል እንጂ ወደ ሰው ፊት በጭራሽ አይሰነዘርም። በመካከል አንዱ ቅደም ተከተሉን ከረሳ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ያ ምልክት ነው፣ ሌላኛውም ይቆማል። ተመልካቹ ከአምስት ሜትር ወዲህ አይጠጋ። ልጆች ይጠጋሉ፣ ገመድ ወጥሩ።

ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። ከቆላ የመጣ እንግዳ ካባና ራስ ቁር ለብሶ ቶሎ ይታፈናል፤ ግጥሚያው በሁለት ደቂቃ ይገደብ፣ ውሃ በየመካከሉ። ጭንቅላቱን ተመትቶ የደነዘዘ፣ ያጥወለወለው፣ ብርሃን ያስጠላው ወይም የሆነውን የማያስታውስ ሰው በዚያ ቀን ዳግም አይጋጠምም፣ ብቻውንም ወደ ቤት አይሄድም። ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ ከበረታ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ቀጥታ ሆስፒታል።

አቀማመጥ

ብረቱን ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ በደረቅ ጨርቅ ጠርጋችሁ ስስ ዘይት ቀቡት። በተለይ ክረምት ላይ በአፎት ውስጥ አታቆዩት፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ሳምንት ሳይሞላ ይዝጋል። ካባው ፀሐይ ላይ ይሰጣ፣ አለበለዚያ ሽታው ቤት ያስለቅቃል። ጠፍሩንና መያዣውን አልፎ አልፎ ሞራ እሹት፤ ጋሻውን ራሱን ግን አታለስልሱት።

ጋሻው ከርጥብ ግድግዳ ርቆ፣ ከፍ ብሎ ይሰቀል። ጥሬ ቆዳ ነውና የሰፈር ውሻ ካገኘው ጠርዙን በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል።